ማክሰኞና ሐሙስ

አቴና፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማለደ፣ ዳባት

የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለእትዬ ዘርፈሽዋል፣ ለልጆችዎና ለበረቱ ሁሉ ይድረስ። በረቱን ከሰው ጋር አብሬ ሰላም ያልኩት በስሕተት አይደለም፤ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። እኔ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ። ደኅና ባልሆንም ለእርስዎ የምነግርዎ አይመስለኝም።

መስከረም ላይ በስልክ ተጯጩኸን መዘጋጋታችንን አይረሱትም። የሁለታችንም የንስሐ አባት ቄስ ቢራራ ይህን ሲሰሙ፣ ከእንግዲህ የምንባባለውን በወረቀት እንድንባባል አዘዙን፤ የጻፈ ሰው ሳይልከው በፊት አንድ ጊዜ ያነበዋል ብለው ነው። እሺ ብያለሁ። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ቁጣዬ ግን ያው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እናቴ ወርቄ የአባትዎ እህት ናት። እሷም አንድ በሬ ነበራት፣ እርስዎም አንድ በሬ ነበረዎት። በአንድ በሬ ማንም አያርስምና የእሷን ቦራና የእርስዎን ዳማ አቀናጃችሁ። ሰኞና ረቡዕ ጥማዱ የእርስዎን ማሳ ያርሳል፣ ማክሰኞና ሐሙስ የእናቴን፣ ዓርብ ተራ በተራ። አሥር ዓመት በዚህ ስትኖሩ አንድም ቀን አልተጣላችሁም። እናቴ ስታርፍ መጥቼ ቀብሬያት ስመለስ፣ ሚካኤል ደጅ ላይ ቆመን «እኔ ባልኖርም ቀኗ አይፍረስ፤ ማሳዋን ይረሱልኝ፣ ምርቱ እኩል ይሁን» አልኩዎት። እርስዎም «የእትዬ ወርቄ ቀን አይፈርስም» አሉኝ። ይህን የሰሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

አሁን እየሩስ አገር ቤት ከርማ ተመልሳለች። እየሩስን ያውቋታል፣ የደባርቋ ልጅ፣ እዚህ ከእኔ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም። የእናቴን ቤት ሳሚልኝ ብያት ሄዳ ነበር። የእናቴ ማሳ ሁለት ክረምት ጦም እንዳደረ፣ አረም እንደዋጠው በዓይኗ አይታ መጣች። ቦራ ግን ጦም አላደረም። ከአንዱ ማሳ ወደ አንዱ ማሳ ሲነዳ፣ ጫንቃው በቀንበር ተልጦ በስልኳ አንሥታዋለች። ፎቶው ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ ሰኔ 6። ቆጥሬዋለሁ፤ ሐሙስ ነው። ከኋላው ያለው ማሳ የእናቴ አይደለም።

በዚያው ሰሞን ቄስ ቢራራ ከቅዳሴ በኋላ እርስዎን በስም ጠርተው «ለራሱ ሳይል ለሌላው የሚያርስ» ብለው እንዳመሰገኑዎት፣ ሕዝቡም እልል እንዳለልዎት ነገረችኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ለሰው የሚያርሱት በማን ቀን ነው?

መልሱን እጠብቃለሁ።

ያለምወርቅ


ዳባት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ። ለውድ እህቴ ለያለምወርቅ

የሚካኤል ክንፍ ይጋርድሽ፣ በሰው አገር የምትወጪበትን የምትገቢበትን ያቅናልሽ። እኔም፣ ዘርፈሽዋልም፣ ልጆቹም አለን። በገና ዋዜማ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤሽ ደባርቅ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አምስት ሳምንት እዚያው ተቀምጦ፣ በስንት ሰው እጅ ዞሮ ነው የደረሰኝ። ዘገየ ብለሽ ክፉ እንዳታስቢ።

እህቴ፣ ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ሌላ ነው፣ ከቅርብ ሲታይ ሌላ ነው። የባንቻየሁ ባል ሊማሊሞ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ገደል መግባቱን ሰምተሻል አልሰማሽም እንጃ። አምስት ልጅ ትቶባት ነው የሄደው። በሬ የላት፣ አራሽ የላት። ታደለ እግሩ ተሰብሮ ሁለት ክረምት በምርኩዝ ነው የሚሄድ። ቄስ ቢራራ ራሳቸው በሬያቸው በበሽታ አልቆባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመው እያየሁ ጥማዴን ነድቼ ልለፋቸው? የክርስትና ስማችን ለምን ይጠቅማል ታዲያ? የተረፈውን የሚሰጥማ ሞልቷል። እኔ ሳይተርፈኝ ነው የሰጠሁ።

የቦራ ጫንቃ ድኗል፣ ቅቤ ቀብቼለታለሁ። ፎቶ ነገር ያጋንናል። የእትዬ ወርቄን ማሳ ያላረስኩት መሬቱ ደክሞ ነበርና ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው። ያረፈ መሬት ሲታረስ እንዴት እንደሚሰጥ አንቺም የገበሬ ልጅ ነሽ፣ ታውቂያለሽ።

ይልቅ ከጻፍሽልኝ አይቀር አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሚካኤል መቅደስ መጋረጃ አርጅቶ ተበሳስቷል። እዚያ አገር ጥሩ ጨርቅ አለ ይባላል። ብትልኪልን በረከት ነው፣ እኔም ለምእመናን አስረክባለሁ።

የገና በረከት ይድረስሽ።

ወንድምሽ ማለደ


አቴና፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማለደ

ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ። ይህ ሰላምታ ከልብ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም ከልብ ነው።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባውን ጭምር። የጠየቅኩዎት መልስ የለበትም። ባንቻየሁ ባሏ እንደሞተ ጽፈዋል፣ የታደለ እግር እንደተሰበረ ጽፈዋል፣ ቦራ ቅቤ እንደተቀባ ጽፈዋል። በማን ቀን ብዬ ነው የጠየቅኩት።

መሬቱ ደክሞ ይረፍ ብዬ ነው ይላሉ። ባለፈው ዓመት በስልክ፣ ሦስት ክረምት በተከታታይ ጦም ያደረ መሬት ቀበሌው ለሌላ ይሰጠዋል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሁለቱ ክረምት አልፏል። የሚመጣው ሰኔ ሦስተኛው ነው። እኔ እዚህ ቤት የለኝም፣ ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ጉልበቴ ሲያልቅ የምገባበት ያ ማሳና የእናቴ ጎጆ ብቻ ነው። እርስዎ ያሳረፉት መሬት የእኔ ማረፊያ ነው አያ ማለደ።

እርስዎ የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገርዎ። የማገለግላቸው አሮጊት እሌኒ ይባላሉ፤ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው። የምኖረውም እሳቸው ቤት ነው። ስቀጠር የተነጋገርነው ሐሙስ ከቀትር በኋላና እሑድ የእኔ እንዲሆን ነው። እሳቸው ግን ደግ መባል ይወዳሉ። ሐሙስ ሲደርስ እህታቸውን ወገቧን አሟታልና ሄደሽ መስኮቷን ወልውይላት ይሉኛል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ የጎረቤታቸውን ደረጃ። እህትየዋ መስኮቷ ሲጠራላት ወዲያው ስልክ ታነሣና እንዳንቺ ያለ ሩኅሩኅ ከየት ይገኛል ትላቸዋለች። እኔ ጨርቁን እየጨመቅኩ እሰማለሁ። የእኔን ሐሙስ ሰጥተው እሳቸው ይመሰገናሉ። ለእኔ ማንም እግዜር ይስጥሽ ብሎኝ አያውቅም፤ የተሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ምስጋና አይገባም መሰለኝ።

ስለዚህ ቦራ ያለበትን ቦታ ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ባንቻየሁ አትረዳ አላልኩም። እንደሱ አድርገው ለሰው እንዳያወሩብኝ። ለችግረኛ ማረስ ጽድቅ ነው። ግን የሰውን ቀን ለሰው ሰጥቶ የራስን ቀን በጎተራ መክተት ምን እንደሚባል እርስዎ የቤተ ክህነት ትምህርት አለዎትና ይንገሩኝ። የእርስዎ ሰኞና ረቡዕ የት ዋለ?

መጋረጃውን አልልክም። ጨርቁ ከእኔ፣ አስረካቢው እርስዎ፣ እልልታውም ለእርስዎ ሊሆን ነው። ሚካኤልን ከፈለግኩ በራሴ እጅ እሰጠዋለሁ።

ያለምወርቅ


ዳባት፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያለምወርቅ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉን ያሳለፍኩት ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። ጾሙን የፈታሁትም በዚያው ምሬት ነው።

አንቺ ልጅ፣ እኔ ካንቺ በሃያ ዓመት እበልጣለሁ። አባትሽ ሲሞት ያዘልኩሽ እኔ ነኝ። ዛሬ እርስዎ እርስዎ እያልሽ በጥፊ ትመቺኛለሽ። እርስዎ ማለትሽን ትተሽ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍሽ። በሁለቱም ስለ በሬ ጠየቅሽ፣ ስለ ማሳ ጠየቅሽ፣ ስለ ቀን ጠየቅሽ። በዚህ ዓመት ማን እንደሞተ አልጠየቅሽም። የጎረቤታችሁ የዋሴ ልጅ ሞታለች። ጨነቅ ተራራ ላይ የውጭ እንግዳ እየመራ የሚኖር ሰው፣ እንግዳ ሲጠፋ ሥራውም ጠፍቶ፣ ልጁን ሐኪም ጋ የሚያደርስበት አጥቶ ነው። ይህን አላወቅሽም፣ አልጠየቅሽምም። ቦራ እንዴት ነው? ቦራ ደኅና ነው። ከብዙ ሰው ይልቅ ደኅና ነው።

አዎ፣ የቄስ ቢራራን ማሳም አርሻለሁ። ካህን ይራብ? የታደለንም አርሻለሁ። አልጸጸትም። እናትሽ ብትኖር ኖሮ እኔን ከልክላ ባንቻየሁን ባዶ እጇን ትመልስ ነበር? አንቺ ነሽ እንግዲህ የእናትሽን ቤት የምትጠብቂ፣ የእናትሽን ልብ ግን እዚያ አገር ጥለሽዋል። በመብራትና በሙቅ ውኃ መካከል ተቀምጦ ስለ ማክሰኞ መቆጣት ቀላል ነው።

ስለ ማሳው አትስጊ፣ ጊዜ ሳገኝ አርሰዋለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሟል፣ ሰዉም ብዙ ነው። እናያለን።

ዓይኔ ደክሟል። ደብዳቤ ማንበብ እየቸገረኝ ነው። እንደምታውቂው እዚህ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ የመጣለትን ወረቀት የማነብለት እኔ ነኝ። እህትነት ካለሽ አንድ መነጽር ላኪልኝ። እሱንም ከከለከልሽኝ አልፈርድብሽም።

ማለደ


አቴና፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማለደ

ስለ ዋሴ ልጅ ነፍስ ይማር። አለመጠየቄ ጥፋት ነው፤ እሱን ተቀብያለሁ። ለዋሴ ለብቻው ጽፌለታለሁ።

እናቴ ባንቻየሁን ባዶ እጇን አትመልስም ነበር። የራሷን ማክሰኞ ትሰጣት ነበር። የእርስዎን ሰኞ አትሰጣትም ነበር። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው፣ ስምንት ወር ሊሞላው ነው እንዳይገባዎት ሲታገሉ።

መነጽር አያስፈልግዎትም። ያነበቡትን አይመልሱማ።

ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፣ ለባንቻየሁ ነው። ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ፣ የሚያነብላት ሰው እርስዎ እንደሆኑም አውቃለሁ። አልዘጋሁትም፤ መጀመሪያ ያንብቡት፣ ከዚያ ያንብቡላት። እንደተጻፈው።

ይህን የምታደርስልዎት እየሩስ ናት፤ ለሁለት ሳምንት ትመጣለች። ከእንግዲህ ሲጽፉልኝ በእየሩስ አድራሻ ይሁን፣ የድሮው ተቀይሯል።

ያለምወርቅ

(ለባንቻየሁ)

ይድረስ ለእህቴ ለባንቻየሁ። እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጆችሽስ? የባልሽን ነገር ዘግይቼ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አታውቂኝ ይሆናል፣ የወርቄ ልጅ ነኝ፣ የቦራ ባለቤት። ማሳሽን ጥማዱ ሲያርስልሽ የዋለው ማክሰኞና ሐሙስ ነው ወይስ ሰኞና ረቡዕ? የምጠይቅሽ የተሰጠሽን መልሼ ለመውሰድ አይደለም። የበላሽው ይባረክልሽ። እነዚያ ቀኖች የእኔ ከነበሩ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለመስጠት ዕድል አላገኘሁም። እውነቱን ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ያለምወርቅ።


ዳባት፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያለምወርቅ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ምርቃት አላበዛም፤ የሚመርቅ አፍ አልቀረልኝም።

የባንቻየሁን ወረቀት ሦስት ሳምንት ጋቢዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ረስቼው አይደለም። በየቀኑ እዳብሰው ነበር። እየሩስ ግን ከመመለሷ በፊት ለባንቻየሁ «ወረቀት መጥቶልሻል፣ አያ ማለደ ጋ ነው» ብላት ሄደች። ሰኔ 22 እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ሰንበቴው ላይ ተቀምጠን ሳለ ባንቻየሁ መጣችና በሰው ሁሉ ፊት አንብብልኝ አለችኝ።

አወጣሁት። እንዲህ አልኳት፦ ያለምወርቅ ሰላም ብላሻለች፣ እንዴት ሰነበትሽ ብላሻለች፣ ስለ ባልሽ እግዜር ያጽናሽ ብላሻለች። አጠፍኩት። ባንቻየሁ ወረቀቱን አየችው። «ይህ ሁሉ ጽሑፍ ሰላምታ ብቻ ነው?» አለችኝ።

አርባ ዓመት ለዚህ አገር ሰው ወረቀት አንብቤያለሁ። የሞት ወረቀት አንብቤያለሁ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አንብቤያለሁ፣ ልጁ ላይመለስ የጻፈለትን አባት ደብዳቤ አንብቤያለሁ። አንድም ቃል ጨምሬ ወይም ዘልዬ አላውቅም። በዚያን ዕለት ዘለልኩ።  ዘልዬ ሳበቃ ግን እንደገና ዘረጋሁትና ከላይ እስከ ታች እንደተጻፈው አነበብኩት፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሚለውን ጭምር። እንደጨረስኩ ሰዉ ሁሉ መልሱን ከባንቻየሁ ሊሰማ ጠበቀ። እሷ ግን ቀን ቆጥራ አታውቅም፤ በሬ ሲመጣላት ተቀበለች እንጂ የማን ቀን ነው ብላ አልጠየቀችም። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ እኔ መለስኩ።

ላንቺም እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ የጠየቅሽኝ ይኸው። በአንቺ ቀን ነው። ሁልጊዜም በአንቺ ቀን ነው። የእኔ ሰኞ አንድ ቀን እንኳ ከማሳዬ አልወጣም። ዓርብ ተራ ሲደርስሽ እሱንም ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ ባንቻየሁ አልቅሳ ስትመጣ አንቺ ሩቅ ነበርሽና ማክሰኞን ሰጠኋት፣ ለአንድ ጊዜ ብዬ። ሰው አመሰገነኝ። ምስጋናው ጣፈጠኝ። ከዚያ ታደለ መጣ፣ ሐሙስን ሰጠሁት። በኋላ የሰጠሁት ሁሉ የራሴ መሰለኝ። እውነት ነው የምልሽ፣ ቄስ ቢራራ ስሜን ሲጠሩ የአንቺ ቀን መሆኑ ትዝ አላለኝም። እንደሰረቅኩ እያወቅኩ የደበቅኩት አይደለም፤ ጭራሽ የሰረቅኩም አልመሰለኝም።

 ባንቻየሁ «እኔ ጉልበትዎን ስሜ አመስግኛለሁ። ያመሰገንኩት ማንን ነው?» አለችኝ።  ቄስ ቢራራ ተነሥተው የእሳቸውም ማሳ ሐሙስ እንደታረሰ፣ በማን ቀን እንደሆነ ግን ጠይቀው እንደማያውቁ፣ ጥፋቱ የእሳቸውም እንደሆነ ተናገሩ። ሰንበቴው ሳይጠጣ ተበተነ።

ሐምሌ 1 ማክሰኞ ባንቻየሁ አሥራ አንድ ሰው ይዛ የእናትሽ ማሳ ላይ ወጣች። ታደለ በምርኩዙ ሆኖ መጥቷል፣ ዋሴም መጥቷል። ጥማዱን ነድቼ ሄድኩ፤ ዕለቱ የያለምወርቅ ነውና በጥማዱ ይታረስ አልኳት። አልቀበልም አለች። በሬውን ብዙ ተጠቅሜበታለሁ፣ አሁን በእጄ ነው አለች። በዶማ ቆፈሩት። እኔን ማንም አልጠራኝም። በሬዎቹን አስሬ ዶማ ይዤ ጥግ ላይ ገባሁና ከሰዓት በኋላ እስከሚመሽ ቆፈርኩ። አንድ ሰው አላናገረኝም። ለገብስ ጊዜው አልፏልና ምስር ዘሩበት። ዘሩን ከየቤቱ አዋጥተው ነው። የቀበሌው ሰው መጥቶ አይቶ ማሳው ታርሷል ብሎ ጽፏል። መሬትሽ አልሄደም።

ይቅር በይኝ። ይህን ማለቴ ግን ወደድኩሽ ማለት አይደለም። በዚያች ወረቀት በሰው ፊት በራሴ አፍ አስፈረድሽብኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚያስነብበኝ ሰው ቀንሷል፤ ሴቶቹ ወደ ቄሱ ይሄዳሉ።

አድራሻሽ ለምን እንደተቀየረ አልጠየቅኩሽም ነበር። አሁን ጠየቅኩ። ምን ሆነሽ ነው?

በዚህ ደብዳቤ ምንም አትላኪልኝ አልልሽም፣ ላኪልኝም አልልሽም።

ማለደ


አቴና፣ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአያ ማለደ

ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሰዎት። እትዬ ዘርፈሽዋልን ይሳሙልኝ፤ በዚህ ሁሉ ጠብ ውስጥ እሷ ምንም እንዳላጠፋች አውቃለሁ።

ደብዳቤዎን አንብቤ መልሱን ሁለት ወር አቆየሁት። መንገድ ተዘግቶ አይደለም። ቸር መሆን አልፈልግም ነበር።

አድራሻዬ የተቀየረው እሌኒ ስላረፉ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሞቱ። ያን ቀንም ለጎረቤት ሰጥተውኝ ደረጃ ስጠርግ ነበር። ስመለስ አልቋል። አያ ማለደ፣ ስምንት ዓመት ሐሙሴን የወሰዱብኝ ሴት ናቸው፤ አልቅሼ አልቅሼ ፊቴ አበጠ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጆቻቸው ቤቱን ሊሸጡት ነው፤ እኔ እየሩስ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የማድረው። ይህን ግንቦት ላይ ብነግርዎት ኖሮ ያዝኑልኝና የጠየቅኩዎትን በሐዘን ይሸፍኑት ነበር። ስለዚህ አልነገርኩዎትም።

እውነቱን ስላነበቡ፣ ያውም ዘልለው ከተመለሱ በኋላ ስላነበቡ፣ አከብርዎታለሁ። ይቅርታውን ግን ዛሬ አልችልም። ይቅር ብያለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል፤ ደግ ለመባል ስል የምዋሽ ሦስተኛ ሰው መሆን አልፈልግም።

አሁን የምጽፈውን ለባንቻየሁ ያንብቡላት። ያንብቡላት ያልኩት እርስዎን ነው፣ ቄሱን አይደለም። ሴቶቹ ወደ ቄሱ መሄዳቸውን ስሰማ ልቤ አልተደሰተም።

«ባንቻየሁ እህቴ፣ ማሳዬን በእጅሽ ቆፍረሽ አዳንሽልኝ። እስከዛሬ ማክሰኞና ሐሙስ ከእኔ አልተሰጡሽም ነበር፣ የእኔ እጅ አልነበረበትም። ዛሬ እኔ በራሴ ፈቃድ ሐሙስን ሰጥቼሻለሁ። ልጅሽ ሞፈር ለመያዝ እስኪደርስ ድረስ የሐሙስ ጥማድ የአንቺ ነው። ማክሰኞን አስቀርቻለሁ፤ እኔም እበላለሁና። አመሰግናለሁ ካልሽ አሁን ለእኔ በይኝ። ደስ ይለኛል።»

አያ ማለደ፣ ሁለቱንም ቀን ልስጥ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩት። ከዚያ ሁለቱንም የምሰጠው ለባንቻየሁ ሳይሆን እርስዎን ለማሳፈር መሆኑ ገባኝና አንዱን መለስኩ። የእናቴ ልጅ መሆን እንዲህ አስቸጋሪ ነው።

ከምስሩ ምርት አንድም ፍሬ እንዳያስቀምጡልኝ። ዘሩን ያዋጡት ይካፈሉት፤ ለዋሴ ቤት ትንሽ ይብዛለት።

ከዚህ ጋር መነጽር ልኬያለሁ። ሁለት ዓይነት ነው፣ ለቅርብ የሚሻልዎትን ይምረጡ። መነጽሩ የእርስዎ ነው፤ ስለዚህ ለፈለጉት ሰው ሊያውሱት ይችላሉ።

ከሁለት ቀኔ አንዱን ሰጠሁ። እርስዎም ሁለት ቀን አለዎት። የታደለ እግር አልዳነም፣ ቄስ ቢራራም በሬ አልገዙም ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰኞና ረቡዕን ምን እንደሚያደርጓቸው አልነግርዎትም፣ መልሱንም አይጻፉልኝ። የአውሮፕላን ትኬቴን ቆርጫለሁ፣ የካቲት ላይ እመጣለሁ፣ ተጠቃልዬ ነው የምመጣው። ሰኞ ጠዋት በሚካኤል ደጅ በኩል አልፌ ቦራ የማን ማሳ ላይ እንደተጠመደ ራሴ አየዋለሁ።

ያለምወርቅ